መምህርቷ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ቀን

«አይንቀሳቀሱ ቲቸር፣ ስፒሉ ይወጋዎታል» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ብላም ሳትጨርስ ወጋቻት።

መምህርቷ በርጩማው ላይ እንደ ቆመች ትንፋሿን ዋጠች። ቀሚሱ ገና አልተሰፋም፤ ከብብቷ እስከ ጉልበቷ የተያያዘው በስፒል ብቻ ነው። ብትቀመጥ ይወጋታል፣ ብትወርድ ይወጋታል፣ እጇን ብታነሳም ይወጋታል። ልብስ ሰፊዋ ያን ሁሉ ስፒል የሰካችው ለቀሚሱ አስባ አልነበረም።

ሦስት ወር ጥርሷን ነክሳ የጠበቀችው ይህችን ቀን ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በሕጻናት ወንበር ላይ ጉልበቱን ታቅፎ በተቀመጠበት፣ ይህችው መምህርት «ወላጅ ቤት ውስጥ ካላገዘ እኛ ተአምር አንሠራም» ብላ ጀመረችና በጣቷ ጠቆመቻት። «ለምሳሌ የእሷ ልጅ እስከ አምስት እንኳ አትቆጥርም። ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ያለ አይመስልም። በዚህ ዓይነት ከእኩዮቿ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል አትሄድም።» ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። ሲወጡ ለየወላጁ አንዳንድ ወረቀት ታደለ፤ ልጆችን በጨዋታ አስተምሩ፣ በቀን አስር ደቂቃ ይበቃል፣ ሲሳሳቱ አትቆጡ፣ ሲያውቁ አመስግኗቸው ይላል። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ እንደ ገባች ወረቀቱን በመቀስ ቆርጣ የአንገትጌ ልክ አወጣችበት።

ከዚያ ማስተማር ጀመረች። አስር ደቂቃ ብሎ ነገር የለም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከስፌት መኪናው ጎን ትቆማለች፤ እናት መኪናውን እየረገጠች ትጠይቃለች፣ ልጅ ትመልሳለች፣ ራት እስኪደርስ። ጎረቤት «ኧረ ይቺን ልጅ ለቀቅ አድርጊያት፣ ገና አምስት ዓመቷ እኮ ነው» ሲላት፣ «አምስት ዓመቷ ነው ብሎ ማን ማራት?» ትላለች።

ዛሬ መምህርቷ ለልጆቹ ምረቃ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ ስትመጣ ነገሩ ሁሉ ተሰናድቶ ነበር። ያቺ የሳቀችው ሴት እንኳ አልቀረችም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። የልጇ ሱሪ ትናንት አልቆ ሳለ «ነገ በዚህ ሰዓት ነይ» የተባለችው በከንቱ አይደለም።

«ወገቡን ትንሽ ላላ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አለች መምህርቷ።

«ወገቡስ ልክዎ ነው። እርስዎ ነዎት ትንፋሽ የያዙት።» ልብስ ሰፊዋ አንድ ስፒል ጨመረችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «ሚጡ፣ ነይ እስቲ። ቲቸር እስከ ስንት እንደምትቆጥሪ ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ልጅቷ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ወጣች። እናቷ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር አውርዳ ሰጠቻት፤ ቤት ውስጥ የሚቆጥሩት በእሱ ነው። ልጅቷ ጣቷን ከቁጥር ወደ ቁጥር እያሻገረች ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምጿ ጥርት ያለ ነው። አምስትን ስታልፍ እናቷ አግዳሚው ላይ ያለችውን ሴት ገረፍ አድርጋ አየቻት። አስርን ስታልፍ የመምህርቷ ቅንድብ ተነሳ፤ የልብስ ሰፊዋም አንጀት ቅቤ ጠጣ። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ትዘፍን ነበር።

«አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት፣ አስራ አምስት፣ አስራ ስድስት…»

«ቆይ» አለች እናት። «እንደገና። ከአስር ጀምሪ።»

«አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት፣ አስራ አምስት…»

አግዳሚው ላይ ያለችው ሴት አፏን በመዳፏ ሸፈነች። የልብስ ሰፊዋ ፊት ደም መሰለ። ሁልጊዜ እዚህችው ላይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ፣ ምን ብትላት፣ ምን ብታደርጋት፣ ልጅቷ አስራ አራትን ትዘላለች። እናትም እልህ ነው ብላ ደምድማለች፤ እልኸኛ፣ ቁርጥ አባቷን።

መምህርቷ ስፒሉን ረስታ ጎንበስ አለች። ወጋት፤ ቀና ግን አላለችም።

«ሜትሩን እስቲ አሳዪኝ፣ የኔ ቆንጆ።» ጣቷን አሳረፈችበት። «እዚህ ላይ እኮ ቁጥር የለም። ጠፍቷል። ልጅቷ ያነበበችው ያለውን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። በአስራ ሦስትና በአስራ አምስት መካከል ነጭ ሆኗል። የእጅጌ አፍ ስትለካ አውራ ጣቷ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ስንት ዓመት ስታሸው ኖራለች። ሜትሩን በቃሏ ስለምታውቀው ቁጥሩ መኖር አለመኖሩን አይታ አታውቅም።

«የሚገርመው» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ፣ «በቃሏ እየደገመች አይደለም፤ ቁጥር ለይታ ታነባለች። ከክፍሉ ልጆች ይህን የሚችሉት ሦስት አይሞሉም። ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች። ያኔ በሰው ፊት የተናገርኩሽንም ይቅር በዪኝ።»

ይኸው። ያንን ሁሉ ጊዜ የተመኘችው ቃል፣ ያቺ የሳቀችው ሴት እየሰማች፣ ሳትጠይቅ ተሰጣት። «አሁንስ ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ተገኘ ወይ?» የሚል መልስ ሦስት ወር ሙሉ ስታሰላስል ቆይታለች። ልጇን አቅፋ ልትናገረው ዞረች።

ልጅቷ ዐይኖቿን ጨፍና፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ሁለት መዳፎቿን ወደ እናቷ ዘርግታ ቆማለች። ማንም ዘርጊ አላላትም፤ አስራ አራት ላይ ስትሳሳት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነው ያደረገችው። መምህርቷም፣ አግዳሚው ላይ ያለችው ሴትም መዳፎቹን ያያሉ።