የሽጉጡ ዋስ

ምናሉን የገደለው ይስማው ለአስታራቂ ሽማግሌዎቹ «ምናሉ ቀድሞ ዱላ አነሳብኝ» ብሎ አስረዳ። የሟች እናት ግን «ልጄ የተመታው ከኋላው ነው፤ ጀርባውን በእጄ ዳስሻለሁ» አሉ። ጎዴ የተመደበው ወታደር፣ የምናሉ ታናሽ ወንድም፣ እናቱን አመነ።

የመንግሥት መሣሪያ ከካምፕ አይወጣምና ለእረፍት አገሩ ሲገባ በጉያው የሚሸሽገው ሽጉጥ ፈለገ። የጎዴ የመሣሪያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ «እዚህ ማን ያውቅሃል? ከትውልድ ቀበሌህ አንድ ሰው መጥቶ ‹ደመኛ የለውም› ብሎ ዋስ ይሁንህ» አለው። ወታደሩ ለአጎቱ ደውሎ ሰው እንዲልክለት ለመነ።

በሳምንቱ አቧራ ለብሶ ከአውቶቡስ የወረደው ራሱ ይስማው ነበር።

«ሽጉጡን ለምን እንደፈለግከው ስለገባቸው ዘመዶችህ እምቢ አሉ» አለው፣ ዓይኑን ሳይሰብር። «እኔ ግን ወሬው ሲደርሰኝ መጣሁ፤ ዋስ እሆንሃለሁ።»

ወታደሩ ተንኮሉ ገባው። በአገራቸው ዋሱን የገደለ ሰው ጎረቤት እሳት አይሰጠውም፤ ሲሞትም ቀባሪ የለውም።

ኃላፊው ብዕሩን አነሳ። «እንግዲህ ዋስህ መጥቷል። ልጻፈው?»

«አትጻፈው» አለ ወታደሩ፣ ይስማውን ትክ ብሎ እያየ። «ፈቃዱ ይቅርብኝ። ደመኛ አለኝ፤ ይኸው አጠገቤ ቆሟል።»