ፍሰሐ ያልጨረሰው ቀልድ

ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሊብያ ልትሻገር የወጣችው ሳራ ሰሃራ መሀል በውኃ ጥም መሞቷ ከተሰማ ገና ወር አልሞላም። ፍሰሐ የሚባለው ሰው ግን ካርቱም ሁለት ሰፈር በሚገኘው የማኅበር አዳራሽ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ በሷ መንገድ ላይ ይቀልድ ነበር።

ስብሰባው የተጠራው ልጆቹን ለማስፈራራት ነው። የሊብያ መንገድ ምን እንደሚመስል ሰምተው ልብ እንዲገዙ። ስንቅነሽም ልጇን ልደትን ከጀብራ ሰፈር ድረስ እየጎተተች ያመጣቻት ለዚህ ነው። ልደት ካርቱም የተወለደች፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ የሳራ የልብ ጓደኛ ናት። ባለፈው ሳምንት ከፍራሿ ሥር ለመንገድ የተቋጠረ ልብስ ተገኝቷል። ስንቅነሽ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየችም። ሌላ ልጅ የላትም።

በመጀመሪያ የተናገሩት አቶ አያሌው ናቸው። እሳቸው እንኳ ሰው ናቸው! ለሳራ ለቅሶ ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው፣ እናቷን ደግፈው ያስቀመጡት እሳቸው። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ያን ሞላላ ፍሬ የተሰካበት ረጅም ቡናማ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንከባለሉ፣ «ልጆቼ፣ አትሂዱብን» ብለው አለቀሱ። ትላልቁ ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ልጆቹ ስልካቸውን ይጎረጉሩ ነበር።

ከዚያ ፍሰሐ እያነከሰ ወጣ። በዚያው መንገድ ሄዶ ከግማሽ የተመለሰ ሰው ነው፤ ምክር ይሰጣል ተብሎ ነበር የተጋበዘው።

«የሊብያን መንገድ የሚያማ ሰው አልወድም» ብሎ ጀመረ። «ውኃ የሚሰጡን በቤንዚን ጄሪካን ነበር። ጠጣን። መኪናው ቆመ፣ እኛ ግን ጭስ እየተፋን ቀጠልን!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ስልኩ ሁሉ ወደ ኪስ ገባ። ልደትም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ማማ፣ ወላሂ ይሄ ሰውዬ ሐሪፍ ነው» አለች።

«ዝም በይ! ውጪ! ደጅ ጠብቂኝ!» አለቻት ስንቅነሽ። ደሟ ፈልቷል። ልደት እያጉረመረመች ወጣች።

ከሁሉ የሚያስጠላው ደግሞ ዓይኑ ነው። የሚያስቀው ከኋላ ያሉትን ልጆች፣ የሚያየው የፊተኛውን ወንበር፤ እሷና አቶ አያሌው ጎን ለጎን የተቀመጡበትን። በሐዘናችን ላይ ይሳለቃል፣ አለች በሆዷ።

«ደላላው ማነው? ስሙን ንገረና!» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

«ስሙን ከተናገርኩ ነገ ቀልደኛ ከየት ልታመጣ ነው?» አለ ፍሰሐ። አዳራሹ እንደገና አውካካ። እሱም ቀጠለ።

«ደላላችን ርኅሩኅ ነው እኮ! መኪና ላይ ሳያወጣህ በገዛ እጁ ቴምር ያጎርስሃል። አንድ ቴምር! ለዚያ ሁሉ በረሃ! እሱንም አኝከህ ሳትጨርስ መዳፉን አገጭህ ሥር ይዘረጋል። ‹ፍሬዋን መልስ!› ነፍሴን አስረክቤው በቴምር ፍሬ ይሰስትብኛል! ፍሬዋን ምን እንደሚያደርጋት ታውቃላችሁ?»

«በቃህ!» ስንቅነሽ ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሣች። «አፈር ብላ! ያቺ ልጅ ምላሷ ደርቆ ሞታ አንተ ጥርስህን ትገለፍጣለህ? ዐይብ! ኧረ ነውር ነው!»

ትላልቆቹ ሁሉ ጮኹበት፤ የድምፅ ማጉያውን ከእጁ ነጠቁት። አቶ አያሌውም መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። እንዲህ ያለ ቦታ ምን ጸሎት አለ?

ከአቶ አያሌው ጋር ስትወጣ በሩ ጋ ፍሰሐ እያነከሰ ደረሰባት። አሁን አይስቅም።

«እትዬ ስንቅነሽ፣ ቀልዱን አልጨረስኩም። አንዴ ለብቻዎ ይስሙኝ።»

«ከአቶ አያሌው የምደብቀው የለኝም። እዚሁ ተናገር።»

ፍሰሐ አቶ አያሌውን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ወደ ኋላም አፈገፈገ። ስንቅነሽ እግሩ ሥር እንትፍ ብላበት አለፈች።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ይህን በነጻ የሚያደርገው አይመስለኝም» አሏት አቶ አያሌው ቀስ ብለው። «በሞት እንዲህ ካሳቃቸው መንገዱን ማን ይፈራዋል? ደላላ ልኮት ነው።»

ስንቅነሽ የአቶ አያሌውን ክንድ ያዘች። እውነትም! ልደት ደግሞ እንዴት አድርጋ ነበር የሳቀችለት!

«ምን ይሻለኛል ታዲያ?»

«ከዚህ ሰው ዓይን አርቂያት። ዶንጎላ እህቴ ምግብ ቤት አላት። እዚያ እየሠራች ትረጋጋ። እኔው ወስጄ አስረክባታለሁ፣ ኢንሻላህ።»

ስንቅነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አደራ!» አለች። አደራ ከተባለ በኋላ ጥያቄ አይጠየቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ዐረቢ ገበያ ድረስ ሸኘቻቸው። ከዚያ በሐፍላ፣ በትንሿ አውቶቡስ፣ ኦምዱርማን፣ ከኦምዱርማን በትልቁ አውቶቡስ ዶንጎላ ነው። ልደት አኩርፋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች።

«ማማ፣ ዶንጎላ ምን አለ?»

«ሕይወት አለ» አለቻት።

«ያላ! ያላ!» ረዳቱ የሐፍላውን በር ደበደበ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ስንቅነሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ወረደላት። ያንን ባለጌ ቀደመችው። ልጇ ተረፈች።

በመስታወቱ ውስጥ አቶ አያሌው እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ አየች። አንድ ቴምር አወጡና እንደ አባት በገዛ እጃቸው ልደትን አጎረሷት። የልጅቱ ኩርፊያ ተፈታ፤ እያኘከች ለእናቷ እጇን አወዛወዘች። ስንቅነሽም አወዛወዘችላት።

አቶ አያሌው መዳፋቸውን ከልደት አገጭ ሥር ዘርግተው ይጠብቁ ነበር።