የስንዱ ፕላስተር

ስንዱን ቲቢ ሲይዛት ሐኪሟ ባሏን ዘርጋውን ጠርታ አስረዳችው። «አባባ፣ ሳንባዋን የሚጎዳው ጀርሙ ብቻ አይደለም። የገዛ ሰውነቷ ወታደሮች በንዴት ለአንድ አይጥ ብለው ቤቱን እያቃጠሉት ነው።»

ዘርጋው ሳቀ። ሠላሳ ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ወታደሮቿ በእሷ ካልወጡ በማን ይወጣሉ?

ሐኪሟ አንገቷ ላይ የለጠፈችው አዲስ የመድኃኒት ፕላስተር ወታደሮቹን አበረዳቸው። ሳሉ ተዋት። ፕላስተሩ ግን የነደደውን ሁሉ ነው የሚያበርደው፤ መላው የደሴ ከተማ የሚያውቀው ስለታም ምላሷም አብሮ በረደ።

ዘርጋው አላስችል ቢለው ከነጭቃ ጫማው ምንጣፏ ላይ ወጣ። ዝም አለችው። ወጡን ጨው ሞጅሮ አቀረበላት። ቀምሳ «እጅህ ይባረክ» አለችው።

ፈራ። ቀስ ብሎ የፕላስተሩን ጫፍ ገለጥ አደረገ።

«አንተ ቆሻሻ! በዚህ ጫማህ ነው ምንጣፌ ላይ የቆምከው? ይሄስ ወጥ ነው ወይስ አሞሌ?»

ዘርጋው ደስታውን ሳይጨርስ ሳሉ አጎበጣት፤ መሐረቧ ላይ ደም ታየ። ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ መለሰው።

«ምን እያልኩህ ነበር?» አለችው በለሆሳስ።

«ወጡን እያመሰገንሽ ነበር።»

ከዚያ ጫማውን አወለቀና ተንበርክኮ ምንጣፉን ማጠብ ጀመረ፤ «አንተ ቆሻሻ፣ አንተ ቆሻሻ» እያለ፣ እሷ እንዳትሰማው ቀስ ብሎ።