የሮዌና ፈገግታ

ሮዌና በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ በሚመላለስ የሽርሽር መርከብ ላይ አስተናጋጅ ነበረች። አባቷ ትናንት አገሯ ፊሊፒንስ ውስጥ አረፉ። ሰሞኑን እንግዶች «የሠራተኛው ፊት ጠቁሯል» እያሉ አማርረው ስለነበር፣ አለቃዋ ሃልቫር ቁርስ ሊቀርብ ሲል ለብቻዋ ጠራት።

«አዝናለሁ፤ በርገን ወደብ ስንደርስ ወደ አገርሽ እንልክሻለን። እስከዚያ ግን ፈገግ በይልኝ።»

እንባዋን ዋጥ አድርጋ ፈገግ አለች። ቡና ቀዳች፣ እንቁላል አቀረበች። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት እጇን ይዘው፣ «የኔ ቆንጆ፣ ቀኔን አሳመርሽልኝ» አሏት።

ቁርሱ ሲያልቅ ወደ ሠራተኞቹ መመገቢያ ወረደች። ጓደኛዋ ጊና አቅፋት ስታለቅስ ቆይታ፣ ድንገት ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ፣ ምን ያስቅሻል?»

«እኔ? መቼ ሳቅሁ?»

ሮዌና አፏን ዳበሰች። ጥርሷ እንደተገለጠ ነው። ከንፈሯን በሁለት እጇ ወደ ታች ብትጎትተው፣ ብታሸው፣ ወይ ፍንክች። እንባዋ እየወረደ ጥርሷን ያርሰዋል።

በዚህ መሃል እናቷ በቪዲዮ ደወሉ። ፊቷን በፎጣ ሸፍና ስልኩን አነሳች።

«ፎጣውን አንሺው ልጄ፣ ልይሽ።»

«እማዬ፣ ይቅርብሽ።»

«አንሺው አልኩሽ!»

አነሳችው። እናትየው አልተቆጧትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባትሽም ቅድም እንዲህ ሆኑብን፤ አፋቸውን ብንከድን፣ ብንከድን እምቢ አሉን» አሉና ስልኩን ወደ ሬሳ ሣጥኑ አዞሩት።