መስመሩ እስኪረግብ

«ባትሪው ቀይ ሆኗል» አለች እህቱ በስልክ። «ወንድምዓለም፣ እባክህ ቶሎ በል!»

ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን የግድግዳ ሰዓት አየ። መስመሩ ከተቋረጠ ገና ስድስት ደቂቃው ነው። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እናቱ ያለችበት ከተማ የሚደርሰው የከፍተኛ ኃይል መስመር ይኸው አንድ ነው፤ ማብሪያው ደግሞ እሱ ፊት ለፊት ነው። እናቱ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው።

«ስንት ደቂቃ ቀረው ይላል?»

«ሦስት። ከንፈሯ ጠቁሯል እኮ! ሲሊንደር ሊያመጣ የሄደው ጎረቤት የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።»

የፈረቃው ኃላፊ አጠገቡ ቆሟል። ጡረታው አንድ ወር የቀረው፣ በሥራ ላይ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። «የሚጠበቀው አሥር ደቂቃ ነው ልጄ» አለ። «መስመሩ ላይ የቀረው ኃይል ሳይረግብ ካበራኸው...»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ማወቁንማ ያውቃል። ለአዲስ ገቢዎች የሚያስተምረው ራሱ ነው። ወዲያ ወዲህ በሚናጥ ገንዳ ላይ ሌላ ባልዲ ውኃ ብትደፉበት ይገነፍላል ይላቸዋል። መስመርም እንዲሁ ነው፤ በቀረው ኃይል ላይ አዲሱ ሲጨመርበት ቮልቴጁ ከልኩ በላይ ይዘልና ጫፍ ላይ ያገኘውን ይጠብሳል። ጫፍ ላይ ያለው የከተማው ትራንስፎርመር ነው። ከእንዲህ ያለ ዝላይ የሚጠብቀው መከላከያ ባለፈው ክረምት ተቃጥሎ፣ ምትኩ «መንገድ ላይ ነው» እየተባለ ይኸው በጋው አለቀ።

«ስሚኝ» አላት። «የማሽኑን ሶኬት ከግድግዳው ንቀይው።»

«እንዴ! አብደሃል?»

«ንቀይ አልኩሽ! ለጊዜው የሚሠራው በባትሪ ነው። መብራቱ መጥቶ ሲረጋ ሰኪ እልሻለሁ። አደራ፣ ከዚያ በፊት እንዳትሰኪ።»

ስምንት ደቂቃ ተኩል ሆነ። ኃላፊው ክንዱን ያዘው። «አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ። በእናትህ ታገስ!» አለና ያለው ነገር ለራሱም ሲሰማው እጁን ለቀቀ።

አንዳንዴ ምንም አይሆንም። ከዚህ በፊት የቸኮሉ ሰዎች ነበሩ፤ ደህና ያለፈላቸውም አሉ። ባትሪው ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ያልቃል፤ ያቺን የጎደለች አንድ ደቂቃ እናቱ ያለ ማሽን አትችላትም፤ ከተማው ግን ይችል ይሆናል። ይህን አስቦ ሳይጨርስ ማብሪያውን አዞረው።

ከግቢው ጓ የሚል ድምፅ መጣ፤ መስኮቱ ነዘረ። የቮልቴጁ መርፌ ተስፈንጥሮ ጠርዙን መታና ተመልሶ ዜሮ ላይ ወደቀ። ደወሉ ይጮህ ጀመር። ኃላፊው ደወሉን ዘጋና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«መጣ!» ብላ ጮኸች እህቱ። «መጣ ወንድምዓለም! አምፖሉ ቦግ ሲል ብታይ! ኧረ... ደግሞ ሄደ። ወዲያ ማዶ የሆነ ነገር ፈነዳ፣ ጭሱ ይታያል። መልሰህ ልታመጣው ነው አይደል?»

የቮልቴጁን መርፌ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ከዜሮ አልተነሳም።

«እማዬ፣ አይዞሽ፣ እሱ እኮ ነው የሚያበራው» ስትል ሰማት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች። «አልሰካሁም፣ እንዳልከኝ ነው። ሶኬቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰኪ በለኝ።»