«ሥራዬን ሰርቆኛል!»

«አጎቴ… ያልከው ደረሰ! ሰርቆኛል!»

ሉሊት ላፕቶፗን ወደ አጎቷ ወደ ዳኛቸው አዞረችው።

ሉሊት አትላንታ የምትኖር የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ዘመኑ በፈረንጆቹ 2016 ነው።

በጎ ፈቃደኞች ከየአገሩ በነፃ የሚሠሩት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ የዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ፕሮግራም አለ። እሷም የድርሻዋን ማበርከት ፈለገች።

«ጀማሪ ነኝ… የማስተካክለው ስህተት ስጡኝ» ብላ ጻፈችላቸው።

የሚላከውን ሥራ እያየ የሚቀበል፣ ማርቲን የሚባል የማታውቀው ሰው መለሰላት።

«መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙ መጨረሻ የገባውን መረጃ ይጥላል። እስቲ ሞክሪው።»

ከዚያ በኋላ የላከችውን ሁሉ ይመልስባታል።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«ጥሩ ነው… ግን እንደገና አስቢበት።»

ዳውንታውን ታክሲ የሚነዳው ዳኛቸው ነገሩ ከጅምሩ አላማረውም።

«በነፃ የሚያስተምር ፈረንጅ? ስካም ነው! እዚህ አገር በነፃ የሚገኘው ፈገግታ ብቻ ነው። ልፋትሽን ወስዶ በስሙ ያደርገዋል… ምን አለ በይኝ!»

ያኔ ስቃበት ነበር። ጥርጣሬው ግን ውስጧ ቀረ…

ዛሬ ማርቲን ኮዶቹን የሚያስቀምጥበትን የግል ገጽ ስትበረብር፣ ያው የእሷ ማስተካከያ በእሱ ስም ተቀምጦ አገኘችው!

«አላልኩሽም?» አለ ዳኛቸው።

የፕሮጀክቱ አባላት ሁሉ በሚያዩት ቦታ ጻፈች።

«ማርቲን ሌባ ነው!»



የመለሰችላት ማርቲን ሳይሆን ሌላ የፕሮጀክቱ አባል ናት።

«ሉሊት፣ የተጻፈበትን ቀን ቼክ አድርገሻል?»

አየችው።

ማርቲን ያንን ኮድ የጻፈው እሷ ፕሮጀክቱን ገና ሳታውቀው ነው!

«ጨርሶት ነበር» አለቻት ሴትዮዋ። «ሊያስገባው ሲል ያንቺ መልእክት መጣ። ‹ልጅቷ ትማርበት› ብሎ የራሱን ተወው።»

ሉሊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እዚያው በሰደበችበት ቦታ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀች። «አለቀልኝ፣ ያባርሩኛል» ብላ ስትጠብቅ…

«ይቅርታሽ ደርሶኛል» አለ ማርቲን። «እኔም አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አሁን አንዲት መስመር ትቀርሻለች። አስተካክያትና ላኪ።»

አስተካክላ ላከች። ተቀበላት።

ማስተካከያው ላይ የሰፈረው ስም… የሉሊት ብቻ ነው።

ወዳጆቼ፣ በሰው አገር መጠንቀቅ ክፋት የለውም። ግን «ሌባ» ከማለት በፊት «ይሄ እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ስድብ አንዴ ከወጣ ይቅርታ እንኳ እየሮጠ አይደርስበትም።

እናንተ በማርቲን ቦታ ብትሆኑ፣ በሰው ፊት ሌባ ያለቻችሁን ልጅ ሥራ ትቀበሉላት ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ…