ያልጮኸው ማሽን

የኒውላንድ ሰፈሩ የብረት መፈለጊያ ማሽን ሻጭ የሚያናግረው የአሮጊቷን ወንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሷን በር ላይ እንደተደገፈ ጆንያ ቆጥሯታል። ለልጇ ጥሎሽ የሚሆነው፣ አሮጊቷ ከእናቷ የወረሰችው ዲሙይ የሚባል ጨሌ ከነሐስ አምባር ጋር ታስሮ በድሮው ግቢያቸው ተቀብሯል፤ ካልተገኘ ልጁ አያገባም። ሻጩ ውዱን ማሽን አንስቶ፣ «ወንድሜ፣ ይሄን የተቀበረ ነገር አያመልጠውም!» አለ።

አሮጊቷ ከአንገቷ አንዲት ሰማያዊ የዲሙይ ጨሌ በጥሳ ሻጩ ሳያያት ደጁ ላይ በተረከዟ አፈር ውስጥ ቀበረችና «እስቲ ፈልግ!» አለችው። ማሽኑን ቢያመላልሰው ጭጭ አለ። «እማማ፣ እዚህ ምንም የለም» ብሎ ሳቀ።

ጎንበስ ብላ ጨሌዋን አወጣች። «ዲሙይ ብርጭቆ እንጂ ብረት አይደለም፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። የሚፈለገው አምባሩ ነው! በል፣ ነሐስን ከሚስማር የሚለየውን ማሽን አምጣ። ስታስረዳም ዓይንህን ከልጄ ላይ አንሳና እኔን እያየህ ተናገር!»